«ፍሬ የለውም» ተብሎ የተዘጋ መዝገብ

ድሃ ያለ ጠበቃ በገዛ እጁ ጽፎ ያቀረበው ክስ «ፍሬ የለውም» ተብሎ ሲዘጋበት፣ «አርፎ ቢቀመጥ ይሻለው ነበር» የሚሉ ወገኖች አሉ። ከእነርሱ አትሁን።

በአሜሪካ አርካንሳስ ግዛት አንድ ሙስሊም እስረኛ፣ ዲኔ ያዘኛል ብሎ የግማሽ ኢንች ጺም ላሳድግ አለ። ለቆዳ ሕመምተኛ ሩብ ኢንች የፈቀዱት የወህኒ ቤት ሹማምንት፣ «ጺም ውስጥ ዕቃ ይደበቃል» ብለው ከለከሉት። እ.ኤ.አ. በ2011 ራሱ ከሰሰ፤ «የክስ ምክንያት የለውም» ተብሎ ተዘጋ። ይግባኝ አለ፤ ይግባኙም ወደቀ። ለጠቅላይ ፍርድ ቤት በእጁ ጽፎ አመለከተ። ታዋቂ ጠበቃ የቆመለት አቤቱታው ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ነው። በጥር 2015 ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ፈረዱለት። ታዲያ ፍሬ ያጣው ክሱ ነበርን?

«ፍርድ ቤት በከንቱ ክስ ተጨናነቀ» ይባላል። አዎን፣ ከንቱ ክስ አለ፤ በሐሰት መክሰስም ዙልም ነው። ግን የአጻጻፍ ድክመት ሌላ፣ ሐቅ ማጣት ሌላ ነው። ኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ) ለአቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ እንደጻፉት በሚነገርለት ደብዳቤ፣ ዳኛን የትናንት ፍርዱ ዛሬ ወደ ሐቅ ከመመለስ እንዳያግደው አዘዋል። ይግባኝ ማለት ይኸው ነው።

ስለዚህ መዝገብህ ቢዘጋ የውሳኔውን ግልባጭ ውሰድ፤ የተዘጋበትን ምክንያት ለይ፤ የይግባኙ ጊዜ ሳያልፍ ለምክንያቱ መልስ ጻፍ እንጂ ስድብ አትጻፍ። ሰብር በሐቅ ላይ መጽናት እንጂ ለበዳይ ዝም ማለት አይደለም። ወላሁ አዕለም።