የዓሣ ጫጩቱ ከመምጣቱ በፊት ውኃው ይሰናዳ

የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ወር በአርባ ምንጭ ይፋ ከሆነ ወዲህ በጋሞ ዞን በጓሮ ኩሬ መቆፈር እንግዳ ነገር መሆኑ እየቀረ ነው። ቀደም ሲል ዓሣ ሲባል አባያንና ቻሞን ብቻ ያስብ የነበረው የካምባ አርሶ አደር ዛሬ በራሱ ማሳ ጫፍ ላይ ቆሮሶ ስለማርባት ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከሐይቁ ርቀው በተራራው ላይ ለሚኖሩ ቤተሰቦች ዓሣ በገበያ ቀን አልፎ አልፎ የሚገኝ፣ ሲገኝም ዋጋው የማይቀመስ ምግብ ነው። ልጆቻቸው ግን እንደ ማንኛውም ሕፃን ፕሮቲን ያስፈልጋቸዋል።

ችግሩ ያለው ጫጩቱ ኩሬ ውስጥ በሚገባበት ቀን ላይ ነው። ኩሬው ይቆፈራል፣ ፕላስቲክ ይነጠፍበታል፣ ከምንጭ ወይም ከወንዝ በተጠለፈ ውኃ ይሞላል፣ በዚያው ሳምንት መኪና ጫጩት ይዞ ይደርሳል። ፎቶ ይነሣል፣ ሪፖርት ይላካል። ከአሥር ወይም ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ዓሦቹ አንድ በአንድ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ይንሳፈፋሉ። ያን ጊዜ አርሶ አደሩ “ዓሣ ለእኛ አገር አይሆንም” ብሎ ይደመድማል፤ ጎረቤቱም ይሰማል። በእኔ አስተያየት አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የአየሩም የገበሬውም ሳይሆን የመርሐ ግብሩ ጥድፊያ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ዓሣ በልቶ የሚያስወግደው ቆሻሻ፣ በተለይም በስንጥቡ በኩል የሚያወጣው አሞኒያ፣ እዚያው በሚኖርበት ውኃ ውስጥ ይቀራል። ላም እበቷን ጥላ ሌላ ቦታ ትሄዳለች፤ ዓሣ መሄጃ የለውም። አሞኒያ በትንሽ መጠን እንኳ ስንጥቡን ይጎዳል። በተፈጥሮ ውኃ ውስጥ ይህን መርዝ የሚያጠፉ ዓይን የማያያቸው ባክቴሪያዎች አሉ። አንደኛው ዓይነት አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጣል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ የዓሣው ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ሁለተኛው ዓይነት ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ናይትሬት ጉዳቱ በጣም አነስተኛ ሲሆን ለአልጌና ለውኃ ውስጥ ዕፅዋት ምግብ ይሆናል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ግን ዝግ ብለው የሚራቡ ናቸው። ውኃው ሞቅ ባለበት፣ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነበት እንኳ፣ አዲስ ገንዳ ውስጥ እስኪደራጁ ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳሉ። ውኃው ሲቀዘቅዝ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል።

የጋሞ እናቶች ይህን ለመረዳት ላቦራቶሪ አያስፈልጋቸውም። እንሰት ተፍቆ ጉድጓድ ከገባ በኋላ ሳይብላላ አውጥቶ ለመጋገር የሚቸኩል የለም። ቦርዴም ቢሆን ጊዜውን ይጠብቃል። ሥራውን የሚሠራው ያ የማይታየው ሕይወት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። የዓሣ ውኃም እንዲሁ መብላላት አለበት። ልዩነቱ የቆጮውን ጊዜ ባለቤቷ ስትወስን፣ የዓሣውን ጊዜ ደግሞ የበጀት ዓመቱ መወሰኑ ነው።

በቤታቸው ወይም በሆቴላቸው የመስታወት ገንዳ ውስጥ ዓሣ ለጌጥ የሚያሳድጉ ሰዎች ይህን ከማንም በፊት ያውቁታል። አዲስ ገንዳ ከሞሉ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውኃው ወተት ጠብ እንዳለበት ይነጣል። ምክንያቱ ውኃው ውስጥ የተገኘውን ምግብ እየበሉ በፍጥነት የሚራቡ፣ ከላይ ከጠቀስናቸው የተለዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። የማያውቅ ሰው ይደነግጣል፤ ውኃውን በሙሉ ደፍቶ፣ ድንጋዩንና ማጣሪያውን አጥቦ እንደገና ይሞላል። ያን ጊዜ መደራጀት የጀመሩትን ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች አብሮ ይደፋቸዋል፤ ነጩ ድፍርስም ተመልሶ ይመጣል። የሚያውቀው ምግብ ይቀንሳል፣ ይጠብቃል፤ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ቀናት እስከ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ራሱ ይጠራል።

ፕላስቲክ የተነጠፈበት የጓሮ ኩሬ በዚህ ረገድ ከመስታወት ገንዳ ብዙም አይለይም። የአፈር ኩሬ ቢያንስ ከጭቃው ጋር የሚመጣ ሕይወት አለው። ፕላስቲኩ ግን ባዶ ነው። ከተራራ ሥር የሚፈልቀው ምንጭም ለመጠጥ የሚያኮራ ቢሆንም ለዓሣ ባዶ ሰሃን ነው። ኩልል ያለ ውኃ ያየ ሁሉ “ይኼማ ንጹሕ ነው፣ ዓሣው ደስ ይለዋል” ይላል። ዓሣው ግን የሚበላውም፣ ቆሻሻውን የሚያጠፋለትም የለም።

ስለ ድፍርስ ውኃ ካነሣን፣ ድፍርስ ሁሉ አንድ አይደለም። የእግዚአብሔር ድልድይ ከሚባለው ቦታ ሆኖ ወደ ግራና ቀኝ የተመለከተ ሰው ትምህርቱን በአንድ ጊዜ ያገኛል። አባያ ቡናማ ቀይ ነው፤ ቀለሙ ወንዞች ጠርገው ካመጡት አፈር የመጣ ነው። ቻሞ አረንጓዴ ያደላዋል፤ ይህ ደግሞ አልጌ ነው። በአባያ ጭቃው ብርሃን ስለሚከለክል አልጌው እንደ ልብ አያድግም፤ በዓሣ ምርቱ የሚታወቀውም ቻሞ ነው። ቆሮሶ በዋናነት አልጌ በል ስለሆነ ነገሩ አያስገርምም። በኩሬያችንም የምንፈልገው የቻሞን ቀለም ነው፤ የአባያን ግን እንሸሻለን።

እንግዲህ ቀይ ድፍርስ ያየ አርሶ አደር በመጀመሪያ ጎርፉ ከየት እንደሚገባ ይፈልግ። ከኩሬው በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ መቅደድና ዳርቻውን ሣር ማልበስ ከማንኛውም ኬሚካል ይቀድማል። ውኃውን በጠርሙስ ቀድቶ አንድ ሌሊት ማስቀመጥም ብዙ ይናገራል። ጠዋት ጭቃው ከሥር ከተቀመጠ ኩሬውም ጎርፉ ሲቆም ይጠራል፤ እንደደፈረሰ ካደረ ግን የደቀቀ ሸክላ አፈር ነውና የደረቅ ሣር እስር ወይም የግብርና ጂፕሰም ያስፈልገዋል። አረንጓዴው ደግሞ በክንድ ይለካል። እጅን እስከ ክርን ድረስ ማጥለቅ ነው። መዳፍ ከክርን በፊት ከዓይን ከጠፋ አልጌው በዝቷል፣ ፍግ ይቁም። ክርን ገብቶም መዳፍ ቁልጭ ብሎ ከታየ ውኃው ገና ደሃ ነው። ክርን አካባቢ፣ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲጠፋ ጥሩ ነው።

በጣም የበዛ አረንጓዴም አደጋ አለው። አልጌ ቀን ኦክስጅን ያመነጫል፣ ሌሊት ግን እንደ ዓሣው ኦክስጅን ይወስዳል። ጎህ ሲቀድ ዓሦቹ አፋቸውን ከውኃው በላይ አውጥተው የሚያለከልኩ ከሆነ ርቧቸው አይደለም፣ ታፍነው ነው። ብዙ ሰው ይህን አይቶ መኖ ይጨምራል፤ ያኔ ነገሩ ይብሳል። መኖና ፍግ አቁሞ፣ ከውኃው ሩብ ያህሉን በንጹሕ ውኃ መተካት ይሻላል። ሙሉውን መቀየር አያስፈልግም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ኩሬው እንደተቆፈረ፣ የአፈር ከሆነ፣ ኖራ ይነስነስበት። ለአሲዳማ መሬት የሚመጣው የግብርና ኖራ ይበቃል፤ በካሬ ሜትር ከ100 እስከ 200 ግራም ተብሎ ይታሰባል። ውኃው ከተሞላ በኋላ በአንዱ ማዕዘን፣ የኩሬውን ስፋት አንድ አሥረኛ በሚሆን ቦታ በእንጨት ታጥሮ የበሰበሰ ፍግና ሣር ይታጎርበት። የጋሞ ገበሬ እንሰቱን በፍግ ሲያኖር የኖረ ነውና ትኩስ ፍግና የበሰለ ፍግ ምን እንደሚለያያቸው ማንም አያስተምረውም። ከነባር ጤነኛ ኩሬ ጥቂት ባልዲ ውኃና ጭቃ ቢመጣ ደግሞ እንደ እርሾ ያገለግላል። ውኃው ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ አረንጓዴ መልክ ሲይዝ ጥቂት ጫጩት ይግባ፤ ቀሪው ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ይከተል። ለ100 ካሬ ሜትር ኩሬ ጠቅላላው 200 ያህል ይበቃል። እዚህ ላይ ደጋውን አልረሳሁም፤ ቆሮሶ ሙቀት ይወዳል፣ ከ16 ዲግሪ በታች መብላቱን ያቆማል ማለት ይቻላል። ቀዝቃዛ ቀበሌ ላይ ቆሮሶ ማከፋፈል ውኃው ቢሰናዳም ትርፉ ድካም ነው።

አንዳንድ የሥራ ኃላፊዎች የሚያነሡት መከራከሪያ አለ። ጫጩት የሚገኘው መኪና ሲገኝ ነው፣ ዛሬ ካልወሰድን ለሌላ ወረዳ ይሰጣል ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ተራራውን አቋርጦ በሕይወት ያለ ጫጩት ካምባ ማድረስ ቀላል አይደለም። ግን ይህ መከራከሪያ የሚያስረዳው ወረዳው የራሱ ማቆያ ኩሬ እንደሚያስፈልገው ነው። አንድ የተሰናዳ ኩሬ ቆላማ በሆነ ቀበሌ ቢኖር መኪናው በመጣበት ቀን ጫጩቱን ይቀበላል፤ አርሶ አደሩም የራሱ ውኃ ሲደርስ ሄዶ በጀሪካን ይወስዳል። እንዲያውም ሟች ጫጩት ማመላለስ ከዚህ የበለጠ ነዳጅ ይበላል።

ሌላው ሐሳቤ ለአንዳንዶች ቅንጦት ሊመስል ይችላል። በየአርሶ አደሮች ማሠልጠኛ ማዕከሉ አንድ የመስታወት ገንዳ ይቀመጥ። ኩሬ ውስጥ የሚሆነው አይታይም፤ በመስታወት ግን ውኃው መጀመሪያ ሲጠራ፣ ከዚያ ሲነጣ፣ ቆይቶ አረንጓዴ ሲይዝ ሠልጣኙ በዓይኑ ያያል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛውም “አትድፉት፣ ጠብቁ” ሲል የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል። ለአንድ ቀን ሥልጠና የሚወጣው የውሎ አበል ገንዳውን ሳይገዛ አይቀርም።

ከሁሉ በፊት ግን የሪፖርቱ ቅጽ ይስተካከል። አሁን የሚጠየቀው ስንት ኩሬ ተቆፈረ፣ ስንት ጫጩት ተሰራጨ የሚለው ነው። በዚያ ላይ ሦስት መስመሮች ይጨመሩ፦ ውኃው የተሞላበት ቀን፣ ጫጩቱ የገባበት ቀን፣ ከስምንት ወር በኋላ ከኩሬው የወጣው ዓሣ በኪሎ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀኖች መካከል ሁለት ሳምንት ያልሞላበትን ኩሬ ዞኑ ለዓመቱ ዕቅድ አፈጻጸም አይቁጠረው።