ነጭ ነጠላና የብርሃን መለኪያ

አንድ ቤተ ሰብ ለልጆቹ ከሚያቆያቸው ቅርሶች መካከል የፎቶግራፍ መዝገብ አንዱ ነው። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ፣ ሙሽሮች ሲዳሩ፣ አረጋውያን በልጅ ልጆቻቸው ተከበው ሲቀመጡ የሚነሣው ፎቶግራፍ ዕለቱ ካለፈ በኋላ ዳግመኛ ሊነሣ አይችልም። ነገር ግን ብዙ መዝገቦችን የገለጠ ሰው አንድ የጋራ ጉድለት ማየቱ አይቀርም፤ ይኸውም ነጠላውና ጋቢው ታይቶ የለባሹ ፊት ግን ጠቁሮ ዓይንና አፉ ሳይለይ መቅረቱ ነው። የአያቱን መልክ ከዚያች አንዲት ፎቶግራፍ በቀር ሊያውቅበት ለማይችል ልጅ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

የጉድለቱ ምክንያት የአንሺው ስንፍና ብቻ አይደለም። በካሜራ ውስጥ ያለው መለኪያ የሚለካው ከነገሩ ላይ ተመልሶ የሚመጣውን ብርሃን ነው። መለኪያው ያየውን ሁሉ ከሚያርፍበት ብርሃን ከመቶ 18 እጅ ያህል እንደሚመልስ መካከለኛ ግራጫ ቀለም አድርጎ ይገምታል። ነጭ ነጠላ ግን የሚያርፍበትን ብርሃን አብዛኛውን ይመልሳል። ስለዚህ መለኪያው ብርሃን የበዛ መስሎት ቀዳዳውን ከሁለት እርከን በላይ እንዲጠብ ያዝዛል፤ ፊትም ከሚያስፈልገው ብርሃን ከሩብ ያነሰ ይደርሰዋል። በአንጻሩ ሰውየው በጨለማ ግድግዳ ፊት ቢቆም መለኪያው ብርሃኑን ያበዛዋል፤ የነጠላውም ጥለት በንጣት ተውጦ ይጠፋል።

በማሻና በአካባቢዋ ለሚኖሩ ሰዎች ችግሩ እጥፍ ነው። በ2004 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም የሕይወት ክልልነት በመዘገበው በሸካ ደን ጥላ ሥር ያለው ብርሃንና ከደኑ ዳር ባለው ገላጣ ሜዳ ላይ ያለው ብርሃን እጅግ የተራራቁ ናቸው። ለምሳሌ በ400 ፊልም ከዛፉ ሥር መለኪያው 1/125 ሰከንድና ኤፍ 4 ቢያመለክት፣ ጥቂት እርምጃ ወጣ ብሎ በጠራ ፀሐይ 1/500 ሰከንድና ኤፍ 16 ሊያመለክት ይችላል። ይህ የ6 እርከን፣ ማለትም የ64 እጥፍ ልዩነት ነው። የሰው ዓይን ግን ራሱን ከብርሃኑ ጋር ስለሚያስማማ የልዩነቱን መጠን አያስተውለውም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበሩት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ያለ ኤሌክትሪክ መለኪያ ይሠሩ ነበር፤ እንዲህ ያለው የእጅ መለኪያ በዚያ ጊዜ ገና አልወጣም ነበርና።

መድኀኒቱ በሰውየው ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ራሱን መለካት ነው። ለዚህም ነጭ ጉልላት ያለው የእጅ መለኪያ ያስፈልጋል። አንሺው ወደሚነሣው ሰው ቀርቦ መለኪያውን በፊቱ አጠገብ ይይዛል፤ ጉልላቱንም ወደ ካሜራው ያዞራል። በዚህ ጊዜ በገዛ አካሉ ጥላ እንዳያጠላበት ይጠንቀቅ። መለኪያው ነጠላውን ስለማያይ አይታለልም፤ ነጩ ነጭ፣ ጠይሙም ጠይም ሆኖ ይወጣል። ሰውየው በዛፍ ጥላ ካለ በጥላው ውስጥ፣ በፀሐይ ካለም በፀሐዩ ይለካ፤ አንሺው በቆመበት ስፍራ የሚለካው ልክ የሚሆነው ሁለቱም በአንድ ዓይነት ብርሃን ሥር ሲሆኑ ብቻ ነው።

መለኪያ ሊገዛ የሚያስብ ሰው ሦስቱን ዓይነቶች ለይቶ ይወቅ። በሴሌኒየም የሚሠራው ባትሪ አይፈልግም፤ ነገር ግን በደብዛዛ ብርሃን ይደክማል፣ በዕድሜም ብዛት ኀይሉ ይጠፋል። አሮጌውን የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ከታመነ መለኪያ ጋር ያስተያየው። በካድሚየም ሰልፋይድ የሚሠራው በደብዛዛ ብርሃን ይበረታል፤ ሆኖም ከብርቱ ብርሃን ወደ ጨለማ ሲገባ ለጥቂት ጊዜ የቀድሞውን ብርሃን እያስታወሰ ይሳሳታል። ከዚህም በላይ አሮጌዎቹ ብዙዎቹ የተሠሩት ለሜርኩሪ ባትሪ ነው፤ ያ ባትሪ መመረት ስላቆመ በምትኩ የሚገባው የኀይሉ መጠን ስለሚለይ ንባቡን ሊያዛባ ይችላል። በሲሊኮን የሚሠራው ፈጣንና ታማኝ ነው። ለምሳሌ የጃፓኑ ሴኮኒክ ኤል 308 በአንዲት ተራ የባትሪ ድንጋይ ይሠራል፤ ይህም ከከተማ ርቆ ለሚኖር ሰው ትልቅ ጥቅም ነው። በማሻ ዝናብና እርጥበት ስለሚበዛ መለኪያው በደረቅ ስፍራ ተከድኖ ይቀመጥ።

በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማንሣት በካህናቱ ፈቃድ ይሁን። በጧፍ ብርሃንም ቢሆን ጉልላቱን ከሕፃኑ ፊት አጠገብ ይዞ መለካት ይቻላል፤ ነገር ግን ሥርዓቱ ከመጀመሩ በፊት ለክቶ ቁጥሩን መያዝ ሥርዓቱን ከማወክ ያድናል።

መለኪያ የሌለው ሰውም ተስፋ አይቁረጥ። በጠራ ቀትር ፀሐይ ቀዳዳውን በኤፍ 16 አድርጎ የመዝጊያውን ፍጥነት ከፊልሙ ቁጥር ጋር ቢያስተካክል፣ ማለትም ለ100 ፊልም 1/100 ወይም 1/125 ቢያደርግ፣ ከልኩ ብዙ አይርቅም። በስልክ የሚያነሣ ሰው ደግሞ በመስተዋቱ ላይ ነጠላውን ሳይሆን ፊቱን በጣቱ ይንካ፤ ፊቱ ጠቁሮ ካየውም ብርሃኑን ጨምሮ ያንሣ። ከስልክ ላይ የሚጫኑት መለኪያዎች አብዛኛዎቹ በስልኩ ካሜራ ተመልሶ የሚመጣውን ብርሃን ስለሚለኩ፣ እነርሱንም ነጠላው እንደሚያታልላቸው አይርሳ።

ነጠላው ነገ በሌላ ይተካል፤ የአያት ፊት ግን አይተካም። ስለዚህ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሁሉ ከመጫኑ በፊት ሁለት እርምጃ ቀርቦ ከፊቱ ላይ ያለውን ብርሃን ይለካ።