«ቁረጠው!» ከማለታችን በፊት

ዛሬ የምጽፈው ስለ ዳዶ ነው። አዎ፣ ስለዛገ ዳዶ። ከግብራችንም ከትምህርታችንም ጋር የሚያገናኘው ነገር ስላለ ታግሳችሁ አንብቡኝ።

ዘንገና አካባቢ፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቀው የቤተሰባችን ግቢ፣ አባታችን ትቶልን ያለፈው ኤን ትሬ ፊያት ቆሞ ዓመታት አልፈዋል። በዘመኑ ድንችና የባሕር ዛፍ አጣና ጭኖ አንዴ ባሕር ዳር ይወርዳል፣ አንዴ አዲስ አበባ ይዘልቃል። እኛን ያስተማረን እሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ቦታውን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ እንጅባራና ዙሪያዋ ዝናብ የማይጠግብ ደጋ ነው። ዝናቡ ቢያባራ እንኳን ጭጋጉ ብረት ያረጥባል። እዚያ ጣሪያ አጥቶ የቆመ መኪና ከሆዱ ጀምሮ ይበላል።

ዘንድሮ ወንድሞቼ በሁለት ሐሳብ ተከፈሉ። አንዱ በኪሎ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ እንሽጠው አለ። ሌላው እናስነሣው አለ። እኔ ከሁለተኛው ጋር ቆምኩና አንድ ወጣት መካኒክ ጠራን። ልጁ ከሥር ገብቶ የባሌስትራውን መያዣ ከሻንሲው ጋር ያሰሩትን ብሎኖች ትንሽ ነካ ነካ አደረገና ረዳቱን «ቁረጠው!» አለው። ጋዙ ተለኮሰ። ከሰዓት ሳይሞላ አምስት ብሎን ወረደ። በአንደኛው ላይ ግን እሳቱ የሻንሲውን ቀዳዳ ጭምር በልቶት ነበር። ብሎን ይገዛል። የኤን ትሬ ሻንሲ ከየት ይገዛል?

ሥራው ቆመ። ዳንግላ የሚኖሩ፣ ሥራ ካቆሙ የቆዩ አንድ መካኒክ ለምነን አመጣን። እሳቸው በመጀመሪያው ቀን አንድም ዳዶ አልፈቱም። በሽቦ ብሩሽ ከዳዶው ውጭ ያለውን ጥርስ ሲጠርጉ ዋሉ፤ ናፍጣና ዘይት ቀላቅለው እያንጠባጠቡ በመዶሻ መታ መታ አደረጉና «በሉ፣ ነገ» ብለው ሄዱ። ታናሽ ወንድሜ «ለዚህ ነው የምንከፍላቸው?» አለኝ በጆሮዬ።

ለዚህ ነው። ብረት ሲዝግ ያብጣል፤ ዝገቱ ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ በዳዶውና በብሎኑ ጥርስ መካከል ያለችውን ጠባብ ክፍተት ሞልቶ ይቆልፋታል። ጉልበት ሲበዛበት ቀድሞ የሚበጠሰው ብሎኑ ነው። ዘይት በዚያች ክፍተት ለመስረግ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይፈልጋል፤ የመዶሻው ንዝረት ዝገቱን ይሰነጥቅና መንገድ ይከፍትለታል። በማግስቱ ሰውየው መጀመሪያ ያደረጉት ዳዶውን ማጥበቅ ነበር! ጥቂት አጠበቁት፣ ላላ አደረጉት፣ ሩብ ዙር ሄደ፣ መለሱት፣ እንደገና ዘይት። እምቢ ያለውን በእሳት አሞቁት፤ ያሞቁት ግን ብሎኑን ሳይሆን ዳዶውን ነው፤ ሲሞቅ ይሰፋልና። ሞቆ ሳለ ሻማ አስነኩት፣ ሰሙ እየቀለጠ ወደ ጥርሱ ገባ። አናቱ የተበጠሰው ላይ ሌላ ዳዶ በየዱበት፤ የብየዳው ሙቀት ራሱ አላቀቀው። ጎማ ከመንካታችን በፊትም አስጠነቀቁን፤ በብዙ አሮጌ ከባድ መኪናዎች የግራ ጎማ ዳዶ ጥርሱ ተገላቢጦሽ ነው፣ ሳያዩ የሚታገል ሰው እያጠበቀው ይውላል።

መቁረጥ ኃጢአት ነው እያልኩ አይደለም። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩትን የዩ ቅርጽ ብሎኖች ሰውየው ራሳቸው አስቆርጠው በአዲስ አስለወጡን። የፍሬን ቱቦዎቹንም አንድ ሳያስቀሩ አስጥለዋል። ሰው የሚጭን ወይም ቁልቁለት የሚወርድ መኪና ላይ ትዝታ አይሠራም። የሚቆረጠውንና የሚታገሡትን መለየት ነው እንግዲህ ሙያው።

ወጣቱን መካኒክ ግን አልወቅሰውም። «ስንት ቀን ይፈጃል?» እያልን የምናጣድፈው እኛው ነን። የምንከፍለውም ለወረደው ብሎን ነው፤ ለዳነው ቀዳዳ የሚከፍል የለም። ባየኋቸው የሙያ ማሠልጠኛዎች ደግሞ ተማሪ የሚለማመድበት ሞተር በየጊዜው የሚፈታና የሚገጠም ስለሆነ ዳዶው በጣት የሚዞር ነው። እንዲህ የተማረ ልጅ ዝገት ሲገጥመው ጋዝ ቢለኩስ ምን ይገርማል? የቀደሙት ከጣሊያን ጋራዥ የወረሱት ቃሉን ብቻ አይደለም። ብሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ባሌስትራ ሲሉ ከእያንዳንዱ ጋር የእጅ ልክ ተምረው ነበር፣ በጌታው ጥፊ ጭምር። ጥፊው ይቅር፤ ልኩ ግን መቅረት አልነበረበትም።

ነገሩ የእኔ ቤት ጉዳይ ብቻ ቢሆን እዚህ ባላመጣሁት። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ ተሽከርካሪ ማስገባትን እጅግ አስወደደው። በ2016 ደግሞ መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከለከለ። ለከተማ አውቶሞቢል ደግ ሐሳብ ሊሆን ይችላል። ከባንጃ ድንች የሚያወጣው መኪና ግን ገና ለብዙ ዓመት ናፍጣ ጠጪው፣ ያ ያረጀው ነው። አዲስ እንዳይገባ በሩን ያጠበበ አገር ያለውን የሚያቆይ እጅ ማሠልጠን አለበት፤ በእኔ እምነት ይህ ከታክሱ እኩል ሊታሰብበት ይገባ ነበር።

ገንዘብ የለም እንዳትሉኝ። በየመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ግቢ ሣር የበቀለባቸው፣ የማስወገድ ውሳኔ የሚጠብቁ መኪኖች ሞልተዋል። ከሐራጅ በፊት ለአንድ ሁለት ዓመት ለቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ይሰጡ። ተማሪው በእውነተኛ ዝገት ይፈተን፤ ፈተናውም «ስንት ፈታህ?» ሳይሆን «ስንት ሳትሰብር ፈታህ?» ይሁን። እንደ ዳንግላው ሰውዬ ያሉትን በወር አንድ ቅዳሜ ጠርቶ አበል መክፈል ለኮሌጅ የሚከብድ አይመስለኝም። እኚህ ሰው ሲያልፉ የሚጽፍላቸው የለም፤ እሳቸውም አልጻፉትም።

የእኛ መኪና ገና አልተነሣም። ከኋላ ባሌስትራ አንድ ብሎን ቀርቷል፤ ዘይት ሲጠጣ ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። ሰውየው ቅዳሜ ይመጣሉ። እሳት የበላውን ቀዳዳ በምን እንደምንጠግነው ገና እየተከራከርን ነው፤ ከእናንተ መካከል የኤን ትሬ ሻንሲ ላይ እንዲህ ያለ ጥገና ያሠራ ካለ አስተያየት መስጫው ላይ ይጻፍልኝ።