መንገደኛውስ በየት ሊሻገር ነው?

የከበደ ሚካኤል «አዝማሪና የውሃ ሙላት» ሰሞኑን በሦስት አፍ ደረሰኝ። ሰበታ መርሐ ዕውራን የተማረ ወዳጅ አለኝ፤ በጎ ፈቃደኞች መጻሕፍት በስልካቸው እያነበቡ ይቀዱለታል። «ታሪክና ምሳሌ»ን ሲጠይቅ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ሦስት ሰዎች ሳይነጋገሩ ያንኑ ግጥም ላኩለት። «እስቲ ስማቸው» ብሎ አስተላለፈልኝ።

የሰበታው ወጣት ዋሽንት አስገብቶበታል። የዚህ ዓምድ ደንበኞች ቀጥሎ የምለውን ያውቁታል። ወንዝ ጎደል ይልልኝ ብሎ ውሃ የሚያሞግስ አዝማሪ ታሪክ ላይ ዋሽንት ምን ይሠራል? «ስሜት ይፈጥራል» የሚሉ አሉ። ለሙሾ ያቆዩልን። ከበደ ሚካኤል ማስለቀስ ቢፈልጉ «ሮሜዎና ዡልዬት»ን ወደ አማርኛ የመለሱ ሰው ናቸው፤ ያውቁበታል።

የቡራዩዋ ሴት ያነበበችው ሱቋ ውስጥ ሆና ነው። አዝማሪው ውዳሴውን እያወረደ ሳለ «እንቁላል አለ?» የሚል ድምፅ ይገባል። «አለ፤ አንዴ ቆይ» ትልና ካቆመችበት ትቀጥላለች። አዝማሪውን ወንዝ ዳር የሚያገኘው መንገደኛ ሲመጣ ድምፅዋን ታወፍራለች፤ ግብር ሊጠይቅ የመጣ ነው የሚመስለው። ያሞገስከው ውሃ እኮ አልፎ ሄዷል ብሎ አዝማሪውን ሲያርመው ሳቄ አመለጠኝ። መምህሮቻችን ብልህ ያሉት ሰውዬ በእሷ አፍ አጉል አዋቂ ሆኖ አረፈው።

የሱሉልታው ጋሼ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ከኋላቸው ላም ትጮኻለች። በአዝማሪው አያላግጡም፤ እንደ ሥራ ባልደረባ ነው የሚያነቡት። መንገደኛው ተናግሮ ሲያበቃ ዝም አሉ። ቅጂው የተቆረጠ መሰለኝ። ከዚያ መጨረሻ ላይ ያለችውን ምክር፣ ሰሚ ከሌለ መናገር ከንቱ ነው የምትለዋን፣ እንደ ዕዳ ቶሎ ከፍለው ወጡ። (በየሳምንቱ ለሚጽፍ ሰውም ይቺ ምክር አትጥምም።)

ወዳጄ «የገባቸው እሳቸው ናቸው» አለኝ። «የደጋ ወንዝ ደራሽ ነው፤ ዝናቡ ካባራ ከሰዓታት በኋላ ይጎድላል። አዝማሪው እስኪጎድል ምን ይሥራ? ሥራው ዘፈን ነው፤ ዘፈነ።»

ለዚህ መልስ የለኝም። ውሃው ሰማው አልሰማው፣ አመሻሹ ላይ ሰውዬው መሻገሩ አይቀርም፤ ያውም ድምፁን አሟሙቆ። መንገደኛው ግን ያን ሁሉ ፍልስፍና ሲደረድር የቆመው እዚያው ወንዝ ዳር ነው፤ ጫማውን እንኳ አላወለቀም።