ለመንደሩ መብራት ከማዋጣታችን በፊት



በየሰርጉና በየለቅሶው አንድ ወሬ እየሰማሁ ነው። «ለተወለድንበት መንደር ብር እናዋጣና ሶላር እናስገባላቸው» ይባላል። ሐሳቡ ደስ ይላል፤ እኔም አዋጣለሁ። ግን መጀመሪያ የምለው አለኝ፣ ቅር አይበላችሁ።

እኔ ባደግኩበት በጎንደር ገጠር ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲህ ዓይነት መብራት ገብቶ ነበር። በግ ታርዶ ተመረቀ። በሦስተኛው ዓመት ጨለመ። የላኩልኝ ፎቶ ላይ ፓኔሉ ደህና ነው፣ ዶሮዎች ከሥሩ ጥላ ይዘው ቆመዋል። የሞተው ባትሪው ነው። አዲስ ለመግዛት አንድ ብር እንኳ የተቀመጠ አልነበረም።

ጥሩ ፓኔል 20 እና 25 ዓመት ይሠራል። እንደ መኪና ያለው የእርሳስ ባትሪ ግን ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው፤ ማታ ማታ እስኪደርቅ ከተጠቀሙበት ደግሞ ቶሎ ይሞታል። ሊትየም የሚባለው ይቆያል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል።

እዚህ ቫዓድ ባይት በየወሩ የምንከፍለው ለምንድን ነው? ማዓሊቱ ሲበላሽ የሚያሠራ ገንዘብ እንዲኖር አይደለም? የመንደር መብራትም ያው ነው። እድርም እኮ ሰው ሳይሞት ነው የሚዋጣው! እንግዲህ በየቤቱ ቆጣሪ ይግባ፣ ሁሉም እንደ አቅሙ ትንሽም ቢሆን ይክፈል፣ የባትሪው ገንዘብ በተለየ የባንክ ደብተር ይቀመጥ። «ድሃ ናቸው፣ በነጻ ይሁንላቸው» የምትሉ አላችሁ። ለላምባና ለባትሪ ድንጋይ ድሮም ይከፍሉ ነበር እኮ።

ሌላው የምጣድ ነገር ነው። 20 ኪሎዋት ሲባል ለአንድ መንደር ብዙ ይመስላል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ወደ 3.5 ኪሎዋት ይስባል፣ ይህ ማለት ባለ 10 ዋት አምፖል 350 ማለት ነው። ስድስት እናቶች አንድ ላይ ቢጥዱ መንደሩ ይጨልማል። ስለዚህ ለመብራት፣ ለስልክ፣ ለጤና ኬላው ፍሪጅ ነው፤ ለእንጀራ አይደለም ብሎ ከመጀመሪያው መንገር ይሻላል። ኋላ ጠብ ይመጣል።

ወፍጮ ግን ይግባ። ፀሐይ በምትበረታበት ቀትር ላይ ከፈጨ ባትሪውን እምብዛም አይነካም፣ ከማንም በላይ የሚከፍለውም እሱ ነው። ሞተሩ ሲነሳ ለቅጽበት ብዙ እጥፍ ይስባልና ኢንቨርተሩ ያን የሚችል መሆን አለበት። ርካሹን ገዝተን እንዳንጸጸት።

«መንግሥት ያስገባላቸዋል» ለሚሉም፦ ኢትዮጵያ በፈረንጆቹ 2019 ባወጣችው ዕቅድ እስከ 2025 ለሁሉም ሰው መብራት ሊደርስ ነበር፣ ከመቶ 65 እጁ በዋናው መስመር፣ 35 እጁ እንዲህ በመሰለው። 2025 አለፈ፣ ብዙ ገጠር አሁንም ጨለማ ነው። ብቻ ምሰሶና ሽቦው በአገሩ ደንብ ልክ ይተከል፤ ዋናው መስመር የመጣ ዕለት ይቀጠላል።

እኔ ብጠየቅ ከምናዋጣው 100 ሰቅል 30ውን ለኋላ አስቀምጣለሁ። ሁለት ወጣት ከዚያው መንደር ይሠልጥኑ፤ አንድ ብቻ ከሆነ ነገ ከተማ ሥራ አግኝቶ ይሄዳል። ፓኔሉን ከአቧራ የሚጠርጉት፣ የላላ ሽቦ የሚያጠብቁት እነሱ ናቸው።

እኛ ወጥተናል። እዚያ የቀሩት ጎረቤቶቻችን ናቸው፣ መብራቱም በእኛ ስም ነው የሚጠራው። በሚቀጥለው ስብሰባ «ፓኔሉ ስንት ነው?» ከመባሉ በፊት «በአምስተኛው ዓመት ባትሪውን ማን ይገዛል?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልስ ይዛችሁ ኑ።