ገብረክርስቶስን ለሁለት አትክፈሉት

በዲፓርትመንታችን የገብረክርስቶስ ደስታ ስም ሲነሳ ሁለት ዓይነት ሰው ያጋጥመኛል። አንዱ «ሀገሬ» የሚለውን ግጥሙን በቃሉ ይወጣዋል። ሌላው ደግሞ «እሱ ያ የማይገባ ሥዕል የሚሥለው ሰውዬ አይደል?» ይላል። ሁለቱም ስለ አንድ ሰው እያወሩ መሆኑን የዘነጉት ይመስለኛል። እኔ ግን ሰውየው ለሁለት አይከፈልም ባይ ነኝ። ምክንያቱም ከአባቱ ቤት ይጀምራል።

ገብረክርስቶስ በ1924 ዓ.ም. ሐረር ውስጥ ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ፤ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል ያስጌጡ ነበር። እዚህ ላይ እስቲ ትንሽ ቆም እንበል። የፍየል ቆዳው ይዘፈዘፋል፣ በእንጨት ላይ ይወጠራል፣ እስኪሳሳ ይፋቃል። ከዚያ በወስፌ መስመር ይሰመርለታል። ጽሑፉ በጥቁር ቀለም ይወርዳል፣ የቅዱሳን ስም ላይ ሲደርስ ወደ ቀይ ይለወጣል፣ ከራስጌው ሐረግ ይሣላል። ፊደሉና ሥዕሉ የሚኖሩት አንድ ቆዳ ላይ ነው። ከእንዲህ ዓይነት ቤት የወጣ ልጅ ገጣሚም ሠዓሊም ቢሆን ምን ይገርማል? ሁለት ኮርስ አድርገን ለያይተን የምንማረው እኮ እኛ ነን።

እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1961 ጀርመን አገር ኮሎኝ ከተማ ሥዕል ተማረ። ተመልሶ በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ማስተማር ሲጀምር፣ ያመጣው ረቂቅ ሥዕል ለብዙ ሰው እንግዳ ሆነ። የፈረንጅ ነው፣ ኢትዮጵያዊ መልክ የለውም ተባለ። ይህ ትችት እስከ ዛሬም አልጠፋም፤ ከክፍል ጓደኞቼ አፍ ሰምቼዋለሁ። ትልልቅ ዓይን ያላቸው ቅዱሳን ካልተሣሉ የአባት ወግ የለም የሚል ነው ነገሩ። ታዲያ እ.ኤ.አ. በ1963 የሠራው «ጎልጎታ» ምንድን ነው? ስቅለት ነው፤ ያውም በቀይ የተጥለቀለቀ። የድሮ ሠዓሊዎቻችን ስንት ጊዜ የሣሉትን ታሪክ ነው የወሰደው። የነሱን መስመር አልገለበጠም፤ ያ እውነት ነው። እንደኔ እንደኔ ግን አባቱን የመሰለው ባለመገልበጡ ነው። አለቃ ደስታ ብራናውን ያስጌጡት ሥራ ብለው እንጂ ለቱሪስት ብለው አይደለም።

ይሄ ጉዳይ የሚያንገበግበኝ የበቆጂ ልጅ ስለሆንኩ ነው። ከየት ነሽ ተብዬ «ከበቆጂ» ስል ቀጣዩ ጥያቄ «ታዲያ ትሮጫለሽ?» ነው። በደራርቱ፣ በቀነኒሳና በጥሩነሽ እኮራለሁ፤ የማይኮራ የለም። ግን አርሲ እግር ብቻ ነው እንዴ ያለው? ከሻሸመኔ ወደ ዶዶላ በሚወስደው መንገድ የሄደ ሰው የመቃብር ሥዕሎቹን ያውቃቸዋል። ፈረስ ላይ የተቀመጠ ጀግና፣ አንበሳ፣ ጦር፣ በመደዳ የተሠራ ጌጥ። የጥንቶቹ ድንጋይ ላይ የተቀረጹ ናቸው። አሁን አሁን ሲሚንቶ ተለስኖ ከሱቅ በተገዛ ቀለም የሚሠሩም አሉ። በሲሚንቶ ስለተሠራ ባህል አይደለም የሚል ሰው ካለ፣ በገብረክርስቶስ ላይ የቀረበውን ክስ ነው መልሶ የሚያቀርበው። የእናቶቻችን የቅልና የጨሌ ሥራም እዚሁ ውስጥ ይገባል፤ ስንቄ ይዘው ሲወጡ የሚያዜሙት ደግሞ ግጥም ካልሆነ ግጥም ምን እንደሆነ አላውቅም።

ልዩነቱ እነዚህን የሠሩ ሰዎች ስማቸው የትም አለመጻፉ ነው። ገብረክርስቶስ እንኳን ስም እያለው ብዙ ጠብቋል። በደርግ ጊዜ አገር ጥሎ ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ። «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» የተሰኘው የግጥም መጽሐፉ የታተመው በ1998 ዓ.ም. ነው፤ ከሞተ ከሃያ አምስት ዓመት ገደማ በኋላ ማለት ነው። በስሙ የተሰየመው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 አዲስ አበባ ተከፈተ። የእኛ አገር መቃብር ሠዓሊ ሃያ አምስት ዓመት ቢጠብቅ ማን መጥቶ ይፈልገዋል?

የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ነን። ስለ ባህል ጻፉ ስንባል የምናመጣው የበዓል ፎቶና «በደማቅ ሁኔታ ተከበረ» የሚል አርእስት ነው። ለዚህ ቡለቲን ኤዲተሮች አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ለክረምት ወደ ቤተሰቡ የሚሄድ ተማሪ ሁሉ ከአካባቢው አንድ የእጅ ባለሙያ ያናግርና ሙሉ ስሙን፣ ከማን እንደተማረና ቀለሙን ከየት እንደሚያገኝ ጽፎ ይምጣ። ገጽ የለም እንዳትሉኝ፤ ባለፈው ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ እንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ አንብበናል። የአርሲውን እኔ እጀምራለሁ።