ሌሊቱን ያለቀ ጥቅል፦ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን
ለክቡር ዋና ዳይሬክተር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ለቤት ኮምፒውተር የሚገዛን የሞባይል ኢንተርኔት ይመለከታል

ባለሥልጣኑ የሚያውቀውን ታሪክ እንደገና መተረክ አያስፈልግም። የቴሌኮም ገበያው እንዴት እንደተከፈተ፣ ሁለተኛው ድርጅት ፈቃዱን በ850 ሚሊዮን ዶላር እንዴት እንደወሰደ፣ በመስከረም 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ ሲጀምር ሕዝቡ አማራጭ አገኘሁ ብሎ ምን ያህል እንደተደሰተ መሥሪያ ቤቱ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ በቀጥታ ወደ አንድ ሌሊት ይሄዳል።

ቤቱ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ያለ የኪራይ ቤት ነው። ተከራይዋ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርት ናቸው፤ ልጃቸው የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። አከራይ ልቀቁ ባለ ጊዜ ነቅለው የማይወስዱትን መደበኛ መስመር አላስገቡም። እንደ ብዙ ተከራይ ሁሉ ኮምፒውተራቸውን ከኢንተርኔት የሚያገናኙት በስልካቸው ሆትስፖት ነው። ላፕቶፑ ከዘመድ የተገኘ፣ ለወራት ሳይከፈት የቆየ ነበር። መምህርቷ ለልጃቸው ጥናት ብለው ከደመወዛቸው ላይ ቀንሰው የ10 ጊጋ ባይት የወር ጥቅል ገዙ። ልጅቷ አመሻሹ ላይ አንድ የሒሳብ ትምህርት ቪዲዮ አየች። ከዚያ ላፕቶፑን ቻርጅ ላይ እንደሰካችው ተኛች።

ሲነጋ የወሩ ጥቅል አልቋል። ለጥሪ ተብሎ የተሞላው ካርድም የለም።

መምህርቷ ይህን ያወቁት ትምህርት ቤት ለመደወል ሲሞክሩ ነው። ጥቅሉ ሲጋመስ መልእክት አልደረሳቸውም። ሊያልቅ ሲቃረብም እንዲሁ። ጥቅሉ ካለቀ በኋላ ኢንተርኔቱ ከዋናው ሂሳብ ላይ በመደበኛው ዋጋ እየተቆረጠ እንዲቀጥል ፈቃዳቸውን የጠየቀ የለም። በስልኩ ላይ የተገኘው አጭር መልእክት አንድ ብቻ ሲሆን እሱም የመጣው ሂሳቡ ባዶ ከሆነ በኋላ ነው። ይዘቱም ካርድ እንዲሞሉ የሚጋብዝ ነበር።

ጥቅሉን የሸጠው ድርጅት ስም እዚህ አይነሳም፤ ጥያቄው ደንብ ለሚያወጣውና ለሚያስከብረው አካል ነው። ሆኖም በአገልግሎት ማዕከሉ የሆነውን ባለሥልጣኑም ሕዝቡም ሊሰሙት ይገባል። መስኮቱ ላይ የነበረችው ወጣት ስክሪኗን አይታ፣ «ተጠቅመውበታል እኮ፣ እናቴ» አለቻቸው። መምህርቷ በየትኛው ሰዓት ምን ያህል እንደሄደ ዝርዝሩን ጠየቁ። የጥሪ ዝርዝር እንጂ የዳታ ዝርዝር ሲስተሙ እንደማያወጣ ተነገራቸው። ቅሬታቸውን በጽሑፍ አስገቡ፤ ማኅተም ተመታበት፤ ገቢ ሆነ። የማንም ድምፅ ሳይሰማ፣ ማንም ደውሎ አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቃቸው፣ ከጊዜ በኋላ ቅሬታቸው እንደተፈታ የሚገልጽ መልእክት ደረሳቸው። ምን እንደተፈታ እስከ ዛሬ አልተገለጸላቸውም። ባለጉዳዩ ሳያውቅ የሚዘጋ ቅሬታ በየትኛው የባለሥልጣኑ መመሪያ እንደተፈቀደ ቢነገረን በእጅጉ እናመሰግናለን።

ድርጅቱ ያላወጣውን ዝርዝር ያወጣው ላፕቶፑ ነው። ዊንዶውስ በሴቲንግስ ውስጥ ባለፉት 30 ቀናት እያንዳንዱ ፕሮግራም የወሰደውን ዳታ የሚያሳይ ገጽ አለው። አንድ የሠፈር ልጅ ከፍቶ አሳያቸው። ከሁሉ በላይ የወሰደው የሲስተሙ አፕዴት ነው፤ ወራት ያልተከፈተ ኮምፒውተር ኢንተርኔት ሲያገኝ የተጠራቀመውን ሁሉ በአንዴ ያወርዳል። ቀጥሎ የሚመጣው ከቀድሞው ባለቤት የቀረ የፎቶ ማስቀመጫ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ፎቶ ሲያመላልስ አድሯል። ልጅቷ ትምህርቷን ያየችበት ብራውዘር ያለው ከዝርዝሩ ግርጌ ላይ ነው። እናት ለልጇ ትምህርት የገዛችውን ማሽኑ በላው ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። ዳታው ሄዷል፤ ድርጅቱ ያልተጠቀሙበትን አስከፈለ የሚል ክስ የለም። ክሱ ዝም ብሎ አስከፈለ የሚል ነው። የቤት ኮምፒውተር እንደ ስልክ አይደለም። በስልክ ዋይፋይ ሲገናኝ፣ ካልተነገረው በቀር፣ ወሰን የሌለው መስመር ያገኘ ይመስለዋል። ይህን የሚያስቆመው ሜትርድ ኮኔክሽን የተባለች አንዲት ማብሪያ ናት፤ ከዋይፋዩ ስም ሥር ትገኛለች፣ ስትበራ አብዛኛው አፕዴት እስኪፈቀድለት ይጠብቃል። ይህን የሚያነብ ሁሉ ዛሬውኑ ላፕቶፑን ከፍቶ ያብራት። የፎቶና የፋይል ማመላለሻዎችንም ያጥፋ። በተለይ የማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካበቃ ወዲህ ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሻገር የሚወርደው ፋይል ብቻውን በርካታ ጊጋ ነው፤ በሞባይል ጥቅል የሚሞክረው ሰው የወሩን ዳታ በአንድ ማውረድ ሊጨርስ ይችላል። ጥቅል ሻጩ ይህን ያውቃል። ለመምህርቷ ግን ሲሸጥላቸው አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

መምህርቷ ሲገዙ ሳያስቡ አልገዙም። የቀን፣ የሳምንትና የወር፣ የሌሊት፣ የድምፅና የዳታ ድብልቅ፣ ያልተገደበ የሚባለውንም ጥቅል በወረቀት ጽፈው አነጻጽረዋል። የገጠማቸው ችግር ማንኛውም ገዢ የሚገጥመው ነው። የጥቅሎቹ መጠንም ዕድሜም ይለያያል፤ የአንዱ ጊጋ ዋጋ ስንት እንደሚመጣ የሚያሳይ አንድም መስመር የለም፤ ካልኩሌተር ያልያዘ ሰው አያውቀውም። ትልቁ ጥቅል በጊጋ ሲሰላ ይረክሳል፤ ነገር ግን ቀኑ ሲያልፍ የተረፈው አብሮ ይጠፋል። የቀኑ ጥቅል ዛሬ ቀላል ይመስላል፤ ወሩን ሙሉ ሲደመር ይከብዳል። ያልተገደበ የተባለውም ከተወሰነ መጠን በኋላ ፍጥነቱ ይወርዳል፤ መጠኑ ከማስታወቂያው ፊት ሳይሆን ከግርጌው በደቃቅ ፊደል ይጻፋል። ፍጥነት ሲነገር 10 ሜጋ፣ መጠን ሲነገርም 10 ሜጋ ይባላል፤ የመጀመሪያው በቢት፣ ሁለተኛው በባይት ሆኖ በመካከላቸው የስምንት እጥፍ ልዩነት እንዳለ ለገዢው የሚያስረዳ የለም።

አንድ ቤተሰብ በወር ስንት ጊጋ እንደሚያስፈልገው መገመት ከባድ አይደለም፣ የሚነግረው ካለ። ኔትፍሊክስ ለደንበኞቹ በሚሰጠው ግምት መደበኛ ጥራት ያለው ቪዲዮ በሰዓት እስከ 1 ጊጋ፣ ከፍተኛ ጥራት ያለው እስከ 3 ጊጋ ይወስዳል። በዚህ ሒሳብ በቀን አንድ ሰዓት በመደበኛ ጥራት የቪዲዮ ትምህርት የምትከታተል ተማሪ በወር እስከ 30 ጊጋ ልትፈልግ ትችላለች፤ የቪዲዮውን ጥራት ዝቅ ካደረገች ደግሞ ከዚያ በብዙ ያነሰ ይበቃታል። ይህችን ስሌት በየሽያጭ ማዕከሉ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ስንት ብር ይፈጃል?

ጤፍ ነጋዴ ሚዛኑን በጨርቅ ሸፍኖ መዝኖ፣ የተረፈውን ደግሞ በሠላሳኛው ቀን ከገዢው ጓዳ መልሶ ቢወስድ የሠፈሩ ደንብ አስከባሪ በዕለቱ ሱቁን ያሽግ ነበር። ዳታ ሲሆን ለምን ይፈቀዳል? የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለ ዕቃም ስለ አገልግሎትም ይናገራል። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ባለሥልጣኑን ያቋቋመው ውድድርን እንዲያሰፍንና ተጠቃሚን እንዲጠብቅ ነው። ሥልጣን ጎድሏል የሚባል አይመስልም።

የሚቻል ነገር አይደለም የሚል ካለ ደቡብ አፍሪካን ይመልከት። የዚያ አገር ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2019 መጨረሻ ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው ደንብ ኦፕሬተሮች ደንበኛው የጥቅሉን 50 በመቶ፣ 80 በመቶ እና 100 በመቶ ሲጨርስ እንዲያሳውቁት ግዴታ ጥሏል። ጥቅሉ ሲያልቅ ደንበኛው ካልፈቀደ በቀር በውዱ ታሪፍ ማስከፈል ከለከለ። የተረፈ ዳታ ቀኑ ከማለፉ በፊት እንዲራዘም፣ ለሌላ ሰውም እንዲተላለፍ መብት ሰጠ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የአገሪቱ የውድድር ኮሚሽን የዳታ ገበያ ምርመራውን ሲያወጣ ትንንሽ ጥቅል የሚገዛው ድሃ በእያንዳንዱ ሜጋ ከሀብታሙ የበለጠ እንደሚከፍል አስፍሯል፤ ሁለቱን ትልልቅ ኦፕሬተሮችም ዋጋ እንዲቀንሱ አስገድዷል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2020 ከሁለቱ አንዱ የሆነው ቮዳኮም 149 ራንድ ይሸጠው የነበረውን የ30 ቀን 1 ጊጋ ወደ 99 ራንድ አወረደው። ኬንያ ውስጥም ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 ቀን የማይቆጠርበት ጥቅል ይዞ ወጥቷል። ሰማይ አልተደፋም፤ ኦፕሬተሮቹ ዛሬም ሥራ ላይ ናቸው።

በአገራችንም ዋጋ ይቀነስ ሲባል ተቀንሶ ያውቃል። ነሐሴ 2010 ዓ.ም. የሞባይል ኢንተርኔት ታሪፍ 43 በመቶ ሲወርድ ሕዝቡ ደስታውን አልደበቀም። ከሐምሌ 2016ቱ የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ ወዲህ ግን የሁሉም ነገር ዋጋ ተነሥቷል፤ ኢንተርኔትም አልቀረለትም። የአስመጪ ወጪ መጨመሩን ማንም አይክድም። ነገር ግን ዋጋ ሲወደድ የሚባክነው እያንዳንዱ ጊጋ ይበልጥ ያማል፤ የማሳወቅ ግዴታም ይበልጥ ይከብዳል።

ነገሩ የአንዲት መምህርት የካርድ ሂሳብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ደብዳቤ ባልተጻፈ ነበር። መንግሥት በ2012 ዓ.ም. «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለውን ስትራቴጂ አጽድቋል። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወረቀት ጎን በኮምፒውተርም መሰጠት ጀምሯል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወጣቱ በኢንተርኔት ኮዲንግ እንዲማር የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ተከፍቷል። ትምህርቱ ነፃ ነው፤ ወደ ትምህርቱ የሚያደርሰው ዳታ ነፃ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የብሮድባንድ ኮሚሽን አገሮች የመነሻ ኢንተርኔት ዋጋን እስከ እ.ኤ.አ. 2025 ከነፍስ ወከፍ ወርሃዊ ገቢ 2 በመቶ በታች እንዲያወርዱ ግብ አስቀምጦ ነበር። ባለሥልጣኑ አገራችን ከዚህ ግብ አንጻር የት እንደቆመች፣ በስልክ ብቻ ሳይሆን ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ከፍቶ ለሚማርና ለሚሠራ ቤተሰብ አስልቶ፣ ለሕዝብ ይፋ ቢያደርግ ማን ይቃወመዋል?

እንግዲህ የሚጠየቀው ይህ ነው። መጀመሪያ፣ የመምህርቷ ቅሬታ በሰው ዐይን እንዲታይና ያለፈቃዳቸው ከዋናው ሂሳብ የተቆረጠው ብር እንዲመለስላቸው ባለሥልጣኑ ያስገድድ። የመዝገቡ ቁጥርና የአጭር መልእክቱ ቅጂ በተጠየቀ ጊዜ ይቀርባል።

ይህ ግን ለእሳቸው ብቻ ተደርጎ የሚቆም ከሆነ አይበቃም። ጥቅሉ ሲጋመስ፣ ሊያልቅ ሲልና ሲያልቅ ማሳወቅ ለሁሉም ኦፕሬተር ግዴታ ይሁን። ደንበኛው በግልጽ እሺ ካላለ ከጥቅል ውጪ መቁረጥ ይከልከል። የዳታ ዝርዝር እንደ ጥሪ ዝርዝር በተጠየቀ ጊዜ ይሰጥ። በእያንዳንዱ የጥቅል ማስታወቂያ ላይ የአንድ ጊጋ ዋጋ፣ ፍጥነቱ የሚወርድበት መጠንም እኩል በሚነበብ ፊደል ይጻፍ። የተረፈ ዳታ ለቀጣዩ ጥቅል ይተላለፍ፤ ቀን የማይቆጠርባቸው ጥቅሎችም ድሃው በሚችለው አነስተኛ መጠን ጭምር ይቅረቡ። ባለጉዳዩ ሳይስማማ የተዘጋ ቅሬታ እንዳልተዘጋ ይቆጠር፤ እያንዳንዱ ኦፕሬተር በየሩብ ዓመቱ ስንት ቅሬታ ተቀብሎ ስንቱን እንደመለሰ ባለሥልጣኑ በጋዜጣ ያውጣ።

ከዚህም አልፎ፣ ለቤት ኮምፒውተር የተለየ ጥቅል ይፈጠር። ተከራይ ሲለቅ ይዞት የሚሄደው፣ ሲም ካርድ በሚገባበት ራውተር የሚሠራ፣ ዋጋው በፍጥነት እንጂ በጊጋ የማይቆጠር አገልግሎት ለመምህራንና ለተማሪ ቤተሰቦች በቅናሽ ይቅረብ። የአገር ውስጥ የትምህርት ገጾች ከጥቅል ሳይቀንሱ እንዲታዩ ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር ይመከር። ታሪፍ ከመጽደቁ በፊትም ተጠቃሚው ተወክሎ የሚናገርበት ግልጽ የሕዝብ መድረክ ይዘጋጅ፤ መምህርቷም ተጋብዘው ይናገሩ።

መልሱም በሕዝብ ፊት በጽሑፍ ይሰጥ ዘንድ በአክብሮት እንጠይቃለን። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከመድረሱ በፊት ቢሆን ደግሞ ጀሞ ላለችው ተማሪም ይጠቅማል።

ከአክብሮት ጋር

ግልባጭ፦
ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት
ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር
ለትምህርት ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ ሕዝብ ዕንባ ጠባቂ ተቋም
ዳታው ሌሊት ላለቀበት ሁሉ